አገሬን አልከስም ያለው ቱሮዋ

ሰው ስለ ቱሮዋ ማውራት ሲጀምር ከቡጢው ነው የሚነሳው። እኔም ከዚያው ልነሳና ቶሎ ልገላገለው። አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው መትቶ መንጋጋ ሰበረ። የተመታው ሰው ለብዙ ጊዜ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየሳበ ከረመ። ቱሮዋ ተከሰሰ፣ አመነ፣ ተፈረደበት፣ ቅጣቱንም ጨረሰ። የእህቴ ልጅ ስለሆነ ጥፋቱን ላቃልልለት አልፈልግም፤ እሱም አቃልሎት አያውቅም። እኔ የማወራው ከቡጢው በኋላ ያለውን ነው። እሱን የሚያወራ ሰው ስለጠፋ ነው እኔ የጀመርኩት።

ፒሪሂራ እባላለሁ፤ በኛ በኒውዚላንድ፣ ሆኪያንጋ ውስጥ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ፒሪ ነው የሚለኝ። ወገናችን ሁሉ በሚሰበሰብበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም በሚውልበት በማራያችን ግቢ የወጥ ቤቱ አለቃ ነኝ። ቁጡ ነች ይሉኛል። ድንች ላጡ ሲባሉ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ለሚጥሉ ሰዎች ሌላ ምን ዓይነት ሴት እንደምትሻላቸው አላውቅም።

ታናሽ እህቴ ሁሪያ ባሏ ሲሞትባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረች። ቱሮዋ ገና የወተት ጥርሱ የሚነቃነቅ ልጅ ነበር፤ ማካሬታ ደግሞ ትታዘል ነበር። ከኛ ሰፈር ግማሹ ሰው እዚያ ነው፤ ሥራው እዚያ ስለሆነ። እኛ የኒውዚላንድ ሰዎች እዚያ ለመግባት ቪዛ የሚባል ነገር ጠይቀን አናውቅም። ፓስፖርትህን ታሳያለህ፣ ሰውየው ዐይን ዐይንህን ያያል፣ ታልፋለህ። በዚያች ቅጽበት ቪዛ እንደተሰጠህ የሚነግርህ የለም። ቱሮዋም እዚያው አደገ፣ እዚያው የግንባታ መወጣጫ ብረት ሲገጥም ኖረ፣ ግብሩን ከፈለ፣ ራሱን የዚያ አገር ሰው አድርጎ ቆጠረ። የሚነጠቅ ነገር በእጁ እንዳለ ያወቀው ሲነጥቁት ነው።

የነጠቁት ገና እስር ቤት ሳለ ነው። ጠባይህ ለዚህ አገር አይመጥንም ብለው የመኖሪያ ፈቃዱን ሰረዙበት። መልሱልኝ ብሎ አመለከተ። እናቱ መሰከረችለት፣ አሠሪው መሰከረለት፣ ቄሱም መሰከሩለት። አይሆንም አሉ። የእስር ጊዜውን ሲጨርስ ቤቱ አልገባም፤ በቀጥታ የውጭ አገር ሰዎች ወደሚያዙበት ማቆያ ወሰዱት። ደግነቱ ማቆያው ከሁሪያ ቤት ብዙ አይርቅም ነበር። በየእሁዱ የአሳማ አጥንት በቅጠል ቀቅላ ትሄዳለች፤ ዘበኞቹ ምግቡን ወደ ውስጥ አያስገቡላትም፤ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን በልታው ትመለሳለች። በሚቀጥለው እሁድ ግን እንደገና ቀቅላ ትሄዳለች። እህቴ እንደዚያ ዓይነት ሴት ነበረች።

የቱሮዋ ጠበቃ ኢሞጅን ትባላለች፤ ገንዘብ የሌላቸውን በነፃ ከሚረዳ ቢሮ የመጣች፣ ጫማዋ ያለቀ ቀጭን ልጅ ነች። በዐይኔ አይቻት አላውቅም፣ ግን ስሟን በምርቃት ነው የማነሳው። እምቢታው በመጣ ቀን የተነጋገሩትን ቱሮዋን ስንት ጊዜ አስደግሜዋለሁ።

«እሺ፣ ይሄኛውን እምቢ ካሉ ሌላ ቪዛ እንጠይቅ» አላት።

«አይቻልም።»

«የሠራተኛ የሚባል የለም? የቤተሰብ የሚባል የለም? እናቴም እዚህ፣ እህቴም እዚህ።»

«አለ። አንተ ግን አትችልም። በጠባይ የተከለከለ ሰው እዚህ አገር ውስጥ እስካለ ድረስ ሌላ ቪዛ እንዲያመለክት ሕጉ አይፈቅድለትም። ብታስገባም እንዳላስገባህ ነው የሚቆጠረው።»

«መንጃ ፈቃድ የወደቀ ሰው እንኳን ተመልሶ ይፈተናል እኮ።»

«ይሄ መንጃ ፈቃድ አይደለም፣ ቱሮዋ። ሕጉ የተወልህ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።»

«የትኛው?»

«ጥገኝነት። አገሬ ብመለስ ያጠፉኛል ብሎ ለሚሸሽ ሰው።»

ቱሮዋ ሳቀ። «ሆኪያንጋ? እዚያ ከአክስቴ ከፒሪ ማማሰያ በቀር የሚያስፈራኝ ነገር የለም።»

«እሱ አይበቃም» አለች ኢሞጅን፤ እሷም ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «እውነት ካልሆነ ጻፈው አልልህም። ግን ሌላ የማሳይህ በር የለኝም። ከዚህ ከወጣህ ደግሞ መመለስ የለም። በጠባይ ተባሮ የወጣ ሰው ቪዛ አይሰጠውም። ሚኒስትሩ በገዛ ፈቃዱ ካልሰጠህ በቀር፤ እሱም ጥያቄህን የማየት ግዴታ የለበትም።»

የማማሰያው ነገር እውነት ነው። አንድ በጋ ሁሪያ ልጆቹን ወደኛ ልካቸው ነበር። ቱሮዋ ያኔ ጢም ያላበቀለ፣ ሆዱ ግን የማይሞላ ልጅ ነው። ለለቅሶ እንግዶች ያስቀመጥኩትን ዶሮ ሰርቆ ሲበላ ያዝኩትና በማማሰያ ከወጥ ቤት እስከ ባሕሩ ዳር አባረርኩት። ባሕሩ ውስጥ ገባ፤ እኔም ከነሽርጤ ተከተልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሳቀብን። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሲባል በዐይኑ የሚመጣበት ያ ቀን ነው።

ማቆያው ውስጥ አብረውት የነበሩት ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ ሞኝ አትሁን አሉት። «ዝም ብለህ ጻፍ። ውሸትም ይሁን፣ አይተው እስኪመልሱልህ ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ አያስወጡህም። እናትህን በየእሁዱ ታያለህ።»

ይሄን ነው ያቀረቡለት፤ እናቱን በየእሁዱ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቱሮዋ ቅጹን ተቀበለ፣ ብዕር ያዘ። ማንን ትፈራለህ፣ ምን ያደርጉኛል ብለህ ትሰጋለህ የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ድንች እየላጠ ነበር፤ ቀና ሳይል ነው የመለሰልኝ። «አክስቴ፣ እዚያ ላይ ‹ወገኖቼ ያጠፉኛል› ብዬ ከፈረምኩ፣ አንድ ቀን ሞቼ እዚህ ልቀበር ስመጣ በር ላይ ምን ብላችሁ ትጠሩኛላችሁ?»

ልጣጩን አወፈርከው አልኩትና ወጣሁ። ውጭ ቆሜ አለቀስኩ።

እህቱ ማካሬታ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። ለእሷ የተነገራት ወንድሟ ለሆኪያንጋ ዘመዶቹ ስም ብሎ እዚያ የሚያቆየውን ወረቀት አልፈርምም ማለቱ ብቻ ነው። ልትጠይቀው ሄዳ፣ በዘበኞቹ ፊት፣ «አንዴ ለአንድ በጋ ላየሃቸው ሰዎች ስም ብለህ እማዬን ትተሃት ትሄዳለህ?» አለችው። ምን እንደሚያስፈርመው አላስረዳትም። «ሂድ በቃ። የእማዬን ኩላሊት እኔ አጥባለሁ፣ አንተ እዚያ ሄደህ ክብርህን እጠብ» ብላው ወጣች። ለካ ያኔ የሁሪያ ኩላሊት መድከም ጀምሮ ኖሯል።

ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ልንቀበለው የሄድነው እኔና አዛውንቱ ጋሽ ኤሩዌራ ነን። ፌስታል አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ትልቅ ሰው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ዐይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

«ምን ያከሳሃል? እዚያ አገር ምግብ የለም እንዴ?» አልኩት።

«አክስቴ፣ ወደ ማራይ አትውሰዱኝ። የሆነ ቦታ አውርዱኝ።»

«ዶሮዬን በልተህ የት ነው የምትወርደው?»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ጋሽ ኤሩዌራ ግንባሩን ከግንባሩ፣ አፍንጫውን ከአፍንጫው አገናኝቶ ያዘው፤ ረጅም ጊዜ ያዘው። ሻንጣቸውን የሚገፉ ሰዎች ዞረው ያልፏቸው ነበር።

ማራይ ስንደርስ በወጥ ቤቱ በኩል በኋላ በር ሊገባ ሞከረ። እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁት። ከሩቅ የመጣ ሰው ከዋናው በር ላይ ቆሞ በሴት ድምፅ ይጠራል፤ የሙታኑን መንፈስ ይዞ ይገባል፤ ሌላ መግቢያ የለውም። «እዚህ ቁም» አልኩትና ሽርጤን ፈትቼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ከባሕር ማዶ የመጣህ ልጃችን ና፣ አባትህን ይዘህ ና፣ አያቶችህን ይዘህ ና ብዬ ጠራሁት። ድምፄ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ቱሮዋ ያን ሣር ያቋረጠው እንደ ታመመ ሰው እየተራመደ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ወጥ ቤት ነው። ሃንጊ፣ በጋለ ድንጋይ መሬት ውስጥ የሚበስለውን ምግባችንን፣ ስንቀብር ጉድጓዱን የሚቆፍር፣ ድንጋዩን የሚያግል፣ ሥጋና ስኳር ድንቹን በቅርጫት አውርዶ አፈር የሚመልስ እሱ ነው። የተበላሸ የውኃ ማሞቂያ ይጠግናል፤ አዛውንቶችን ክሊኒክ ያደርሳል። አፉን በፈታበት በኛ ቋንቋ ሲናገር አሁን አውስትራሊያዊ ስለሚመስል ሕፃናቱ ይስቁበታል፤ አብሯቸው ይስቃል። መጠጥ አይቀምስም። ሲዘፍን ግን ዜማ አያውቅም፣ ይሄን ጉድለቱን ማንም አልፈታለትም። ምስጋና ያበዛል። ሻይ ስትሰጪው ያመሰግናል፣ ስትሰድቢው ያመሰግናል። አንድ ቀን «ምስጋናህን ቀንስና ድንቹን ጨርስ» ስለው፣ «አክስቴ፣ በር ላይ ጠርተሽኛል እኮ» አለኝ።

በየእሁዱ የስልክ ኔትወርክ ወደሚይዝባት ከልብስ ማስጫው በላይ ወዳለችው ጉብታ ወጥቶ ለእናቱ ይደውላል። ልብስ እያሰጣሁ እሰማዋለሁ።

«ወረቀቱ እየሄደ ነው፣ እማዬ። ቶሎ እመጣለሁ። አልጋዬን እንዳታወጪው።»

የሚሄድ ወረቀት አልነበረም። ሁሪያ የኩላሊት እጥበት ላይ ወድቃ በአውሮፕላን መሄድ ስትከለከል፣ ለአንድ ሳምንት እንኳን ሄዶ ይያት ብለን ኢሞጅንን ጠየቅናት። በስልክ ነገረችን፤ እሷም ስትናገር ድምጿ ተጨንቆ ነበር። ለሕመምም፣ ለልደትም፣ ለለቅሶም አይሰጥም። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኳት። «እስከ መቼ የሚል የለውም፣ እማማ» አለችኝ። ለሚኒስትሩ ጻፈችለት፤ መልስ አልመጣም። ቱሮዋ ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ለማካሬታም። እማዬ የምትጠብቀው ነገር ይኑራት» ብሎ ለመነኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ለእኔ ቀላል ሥራ አይደለም።

ማካሬታ እናቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ለእጥበት ታመላልሳለች፤ ወንድሟ ግን በየእሁዱ ቶሎ እመጣለሁ እያለ አይመጣም። ፓስፖርት አሳይቶ ማለፍ ብቻ ለሚያውቅ ሰው፣ የማይመጣ ሁሉ ያልፈለገ ነው። ጠይቆ የሚከለከል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ግን መጠየቅ ራሱ የተከለከለ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? በየገናው «ዛሬም አልሞላውም ቅጹን?» ትለኝ ነበር በስልክ። እኔ ስለ ዝናቡ አወራታለሁ።

ሁሪያ የሞተችው በክረምት ነው። ማካሬታ ደውላ ነገረችንና እዚያው አውስትራሊያ፣ ሎገን ውስጥ፣ ከቤቷ አጠገብ ባለው መቃብር እንደምትቀብራት አከለችልን። «ልጆቼ አበባ ይዘው የሚሄዱበት ቦታ ይፈልጋሉ። ቱሮዋ መምጣት ከፈለገ በሩ ክፍት ነው» አለች። ቱሮዋ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወጥቶ ሄዶ የሃንጊውን ጉድጓድ ያለ ምክንያት መቆፈር ጀመረ።

እኛ ጋ አስከሬን ይጠየቃል። ከሟች ወገን የሆነ ሁሉ ሄዶ፣ በሬሳው ፊት ቆሞ፣ ለእኛ ትገባለች ብሎ ይሟገታል። ሳይሟገቱ መተው ሟቹን መናቅ ነው። ግን በስልክ አይሆንም፤ በአካል ቆሞ ነው። ከሁሉ በፊት መሄድ የሚገባው ልጇ ነበር፤ እሱ ግን ባሕሩን መሻገር አይችልም። ስለዚህ እኔና ጋሽ ኤሩዌራ ሄድን። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በመኪና ያደረሰን ቱሮዋ ነው። ፓስፖርት የሚታይበት ጋ ስንደርስ ቆመ።

«አክስቴ፣ ማካሬታ እማዬን ባትሰጣችሁም እንዳትቆጪያት» አለኝ። «ያስታመመቻት እሷ ነች። እኔ እሷን ማመስገን እንጂ መጠየቅ አይገባኝም።»

«የእናትህን ፊት ሳታይ እንዴት ትሆናለህ?»

«እንጃ» አለ። «ብቻ አትቆጪያት።»

ማካሬታ እናቷን በቤቷ ጋራዥ ውስጥ አስተኝታታለች። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች፣ ወለሉን በፍራሽ ሞልታዋለች፣ የሟቾችን ፎቶ በዙሪያዋ ደርድራለች። የመኪና ዘይት ሽታ ባይኖር ማራይ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። እህቴን አየኋት። ትንሽ ሆናለች። ከሳጥኑ ራስጌ ማካሬታ ተቀምጣለች፤ ዐይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

ጋሽ ኤሩዌራ በትሩን ይዞ ተነሳ። የዘር ሐረግ ቆጠረ። ተራራውን ጠራ፣ ወንዙን ጠራ፣ ሁሪያ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች፣ እትብቷ የት እንደተቀበረ ተናገረ። የሚያምር ንግግር ነበር። ሲጨርስ ማካሬታ ቀስ ብላ ተነሳች።

«አባባ ኤሩዌራ፣ ንግግርህን አከብራለሁ። ግን ተራራው ሲያስመልሳት ጎድጓዳ ሳህን አልያዘላትም። ወንዙም አላጠባትም። እኔ ነኝ ያጠብኳት። ልጇ ደግሞ በየእሁዱ እየዋሸ ‹ቶሎ እመጣለሁ› ይላታል። አሁንስ የት አለ? ለእሷ እንኳን ቅጽ መሙላት ከበደው?»

ጋሽ ኤሩዌራ በትሩን ይዞ ተቀመጠ። ምሥጢሩን መያዝ አቅቶኝ ተነሳሁ።

«ማካሬታ፣ ልቆጣሽ አልመጣሁም፤ እንዳልቆጣሽ ወንድምሽ አስምሎኛል» አልኳት። «ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። እህቴን ስላስታመምሽልኝ እግርሽ ላይ ብወድቅ ይገባሻል። አንድ ነገር ብቻ አታውቂም። ቅጽ አልሞላም አይደለም። የሚሞላ ቅጽ የለውም።»

«ምን ማለት ነው?»

«በጠባይ ምክንያት ስለከለከሉት እዚህ ሳለ ሌላ ቪዛ ማመልከት አይችልም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ፈቀዱለት፤ ሕዝቤ ያጠፋኛል ብሎ እኛን መክሰስ። አንቺ አይፈርምም ብለሽ የተቀየምሽው ያ ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ አይሰጡትም። እናቱ ታማ ጠይቀን እምቢ ብለውናል። ሁለታችሁ እንዳይከፋችሁ ብሎ ነው የደበቃችሁ፤ እኔም አብሬው ደበቅኩ።»

ማካሬታ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። «አሁንስ? ለቀብሯስ?»

«አይችልም።»

«የሚቀጥለው ዓመትስ? ልጄ ስታገባስ?»

«አይችልም፣ ልጄ። ሕጉ እንዲህ እስካለ ድረስ መቼም አይችልም።»

ተቀመጠች። የእናቷን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለስ አደረገች። «እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰነፍ ነው ብዬ ነበር።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ባሏ በኋላ ነገረኝ። ለቅሶዋ ሲወጣላት ፊቷን ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«እኔ መቃብሯን ለማየት ፓስፖርቴን አሳይቼ መምጣት እችላለሁ። እሱ አይችልም። ውሰዷት። ግን ከራስጌዋ አልነሳም፤ አብሬ ነው የምመጣው።»

ሁሪያን ይዘን ሆኪያንጋ ገባንና በማራያችን ዋና በር ቆምን። ከውስጥ የወጥ ቤት ጓደኛዬ ጥሪውን አሰማች። እኛ ከሳጥኑ ኋላ እየተከተልን ሣሩን አቋረጥን። ቱሮዋ በረንዳው ላይ ከአገሬው ጋር ቆሟል። ለብሶት በማያውቀው ጥቁር ኮት ታንቆ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሐዘንተኛ ወጥ ቤት አይገባምና ጠዋት ሙሉ ከዚያ ሲያባርሩት ውለዋል። እኔም ሐዘንተኛ ነኝ፤ ያን ቀን በድንቾቹ ላይ የተሠራውን ግፍ በኋላ ነው ያየሁት።

ሳጥኑ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ተከፈተ። ማካሬታ ከራስጌ ተቀመጠች። ቱሮዋ ተንበርክኮ አፍንጫውን በእናቱ አፍንጫ ላይ አሳረፈ፣ እንደዚያው ቆየ። እኛ ለሟች ፊት ለፊት ነው የምንናገረው። ቀና ብሎ እንዲህ አላት፤ ሁላችንም ሰማን።

«እማዬ፣ ቶሎ እመጣለሁ ያልኩሽ ውሸት ነበር። መምጣት አልችልም ነበር። መጠየቅም አልችልም ነበር። በራሴ እጅ ነው ያበላሸሁት። አንቺ ግን መጣሽልኝ። አመሰግናለሁ።» ወደ እህቱ ዞረ። «ማኪ፣ አመሰግናለሁ።»

«እማዬ ታውቅ ነበር» አለች ማካሬታ።

«ምኑን?»

«እንደማትመጣ። ስልኩን በዘጋች ቁጥር ‹ይሄ ልጅ ውሸት አይችልበትም› እያለች ትስቅ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አሁን ነው የገባኝ። አልጋህን ግን በየእሁዱ ታነጥፍ ነበር።»

«ካወቀች ለምን ዝም አለችኝ?»

«ድምፅህን ልትሰማ ነዋ። ማወቋን ብትነግርህ አንተ መደወል ታፍር ነበር።»

ቱሮዋ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ማካሬታ ከራስጌዋ ተነስታ አቀፈችው። እኔ እግዜርንም፣ ሁሪያንም፣ ያቺን ጫማዋ ያለቀ ጠበቃም፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አመሰገንኩ። ማንን አስቀድሜ ማንን እንዳስከተልኩ አላስታውስም።

ሁሪያ ተቀብራ፣ እንግዳው በልቶ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ስገባ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ሰሃን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይሰዳደባሉ። አልጠየቅኳቸውም።

አሁንም በየእሁዱ ቱሮዋ ከልብስ ማስጫው በላይ ወዳለችው ጉብታ ይወጣል። የሚደውለው ለማካሬታ ነው። ቶሎ እመጣለሁ አይላትም። «መቼ ነው የምትመጪው?» ይላታል፤ ለእሷና ለልጆቿም አልጋ አንጥፏል።